ውሉ ያልጠፋ ልቃቂት

የአያቴ አርባ በወጣ ማግስት እናቴና አክስቶቼ የእንጨት ሳጥኗን ከፈቱ። ከላይ የነበረው ለቅዳሴ የምትለብሰው ነጠላ ነው። ከሱ ሥር ሁለት ኩታ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የእድር ደብተር፣ የማርያም ማኅበርተኞች አንድ ላይ የተነሡት ፎቶግራፍ፤ ከዚያ በታች እስከ ሳጥኑ ወለል ድረስ ልቃቂት። ሴቶቹ ነጠላውን አቅፈው አለቀሱ። የእኔ ዓይን ልቃቂቱ ላይ ቀረ። ቆጠርኩት፤ 24 ነው። እያንዳንዱ መካከለኛ ብርቱካን ያህላል፤ በመዳፌ እያነሣሁ ባመዛዝን አንዱ ካንዱ አይከብድም። የሁሉም ውል፣ የክሩ ጫፍ ማለቴ ነው፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ ከላይ ተቀምጧል፤ 13ቱ በቀይ፣ 11ዱ በጥቁር ክር ሸብ ተደርገዋል። ለምን ሁለት ዓይነት እንደሆነ በዚያ ቀን ከመካከላችን የገባው አልነበረም።

ነገር ሲወሳሰብብን «ውሉ የጠፋ ልቃቂት» እንላለን። አባባሉን ያወጣው ሰው ክር የሚያውቅ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ልቃቂት በእጁ ይዞ ያየ ይረዳዋል፤ ክሩ እዚያው አለ፣ ጥሩ ክር ነው፣ ግን መግቢያ የለውም። ጫፉን ፍለጋ በጎተቱት ቁጥር ይብስበታል። አያቴ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖራ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ፈትላ፣ ውል ጠፋባት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ልቃቂት የሚጠቀለለው ለሌላ ሰው ነው። ፈታይ ራሷ አትሸምነውም፤ ነገ የሚያነሣው ሸማኔው ነው። ውሉን ከላይ ታስቀምጥ የነበረው የሱን እጅ እያሰበች ነው።

ስለ አያቴ ደግነት፣ ስለ ጸሎቷ፣ ሰባት ልጅ ብቻዋን ስለ ማሳደጓ በለቅሶው ሰሞን ብዙ ተብሏል፤ የተባለውም እውነት ነው። ስለ ክሯ ግን ማንም ምንም አላለም። ይህ እኛ ቤት ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ጋቢ ሲመረቅ የሚመሰገነው ሸማኔው ነው፤ የአበሻ ቀሚስ ሲታይ ዓይን የሚሄደው ወደ ጥለቱ ነው። «ማን ሠራው?» ሲባል የሚጠራው የሸማኔው ስም ነው። ክሩን ማን ፈተለው ብሎ የሚጠይቅ አይገጥምም። እኛ ግን ልዩነቱን በቀን መቁጠሪያ እናውቀዋለን። አንድ ጋቢ ሸማኔው እጅ ገብቶ ተሠርቶ እስኪወጣ ሳምንት አይሞላም ነበር፤ ክሩ አያቴ እጅ ላይ የሚቆየው ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው።

ተወልዳ ያደገችው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው። እዚያ ብርዱ ጥጥ አያበቅልም። ጥጡ ከይፋት ቆላ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል፤ ስለዚህ በእናቷ ቤት ጥጥ እንደ እህል ይቆጠብ ነበር። በስምንት ዓመቷ እንዝርት ያስያዘቻት እናቷ ናት። የልጅ ክር ጓጎላ ስለሆነ ለሸማ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈትሏ ሁሉ የኩራዝ ክር ሆኖ ነደደ። «የእጄን ሥራ መጀመሪያ ያየሁት ሲበራ ነው» ትል ነበር።

ተድራ፣ ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ገብታ ጉለሌ ተቀመጠች። ባሏ ሲያርፍ የመጨረሻዋ ልጅ ጡት አልጣለችም። ከዚያ በኋላ ያለው በብዙ ቤት የሚታወቅ ኑሮ ነው፤ ቀን እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ለበዓል ጠላ መጥመቅ፣ ሌሊት ክር። ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች የሰፈሩበት ስለሆነ ጥሩ ክር ገዢ አያጣም። የሷን ደጃፏ ድረስ መጥተው ይወስዱት ነበር።

ሥራው ገና እንዝርት ሳይነሣ ብዙ ነው። ጥጡን ከነፍሬው ትገዛለች። ገበያ ላይ ከጆንያው ትንሽ ትነጥልና በሁለት እጇ ጣቶች ጫፍና ጫፉን ይዛ ቀስ ብላ ትስባለች። ቶሎ ከለቀቀ አጭር ነው፤ ትመልሰዋለች። እየተንሸራተተ፣ እየሳሳ፣ አልላቀቅም እያለ ከሄደ ረጅም ነው። ቤት ሲገባ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ የደረቀ ጥጥ ፍሬውን በቀላሉ ይለቃል። መዳመጫዋ አንድ ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይና ከእርሳስ ወፈር ያለ ብረት ነበር። ጥጡን ድንጋዩ ላይ ታደርግና ብረቱን በመዳፏ ጫን ብላ ታንከባልልበታለች፤ ፍሬው ከብረቱ ፊት ፊት እየተገፋ ይወጣል፣ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ከኋላ ይቀራል። ዛሬ አስፋልት የሚጠቀጥቀውን መኪና መዳመጫ የምንለው ከዚሁ ድንጋይና ብረት ተውሰን ይመስለኛል።

ቀጥሎ መንደፍ ነው። የደጋኑን ጅማት ጥጡ ውስጥ አስገብታ በጣቷ ትነካዋለች፤ ድም ይላል፣ ጥጡ ይዘላል። ድም፣ ድም፣ ድም። በዚያ ንዝረት የተጣበቀው ይፈታል፣ ጉድፉ ይራገፋል፣ አንድ እፍኝ የነበረው እቅፍ ይሞላል። ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን በመዳፏ ጠቅለል ስታደርገው ደግሞ አመልማሎ፤ ለእንዝርት የተዘጋጀ፣ የልጅ ክንድ የሚያህል፣ ትንፋሽ የሚያንቀሳቅሰው ነገር። በዚያ ሰዓት በር በኃይል አንከፍትም፣ በአጠገቧም አንሮጥም ነበር።

እንዝርቱ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ክብደት የሚሰጠው አንድ የእንጨት ክብና ጫፉ ላይ ክሩን የምትይዝ ትንሽ ቆልማማ አለው። ዕቃው ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አንድ ክንድ ክር ብቻ ማውራት እፈልጋለሁ። ቀኝ እጇ ዘንጉን ጭኗ ላይ አንከባልሎ ይለቀዋል፤ እንዝርቱ ይሾራል። ግራ እጇ አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ጥጡ እየሳሳ ይወጣል፤ ሽረቱ ከታች ሲደርስበት ይከርና ክር ይሆናል። ከሩቅ ለሚያይ አንድ እጅ ይወጣል፣ አንድ እንዝርት ይወርዳል፣ በቃ። ቁም ነገሩ ያለው በሁለቱ ጣቶች መካከል ባለችው፣ የጤፍ ቅንጣት በማታስገባ ክፍተት ነው። ጣቶቹ ከጠበቁ ጥጡ አይወጣም፣ ክሩ ከሮ ይበጠሳል። ከላሉ ሽረቱ አልፎ አመልማሎው ውስጥ ይገባና ጥጡን ያጓጉለዋል። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መካከል ነው፤ እሱም ቋሚ አይደለም። ጥጡ ሲረጥብ፣ ጣት ሲያልበው፣ አመልማሎው ሊያልቅ ሲል ይለዋወጣል። ለዚህ ነው አጠገቧ ባለች ጣሳ ክዳን ላይ ትንሽ የተነፋ አመድ የማታጣው፤ ጣቷ ወዛ ሲል ነካ ታደርገዋለች።

ክር የራሱ ጠባይ አለው። ሽረት ሲመጣ ቀድሞ የሚይዘው ቀጭኑን ቦታ ነው፤ ወፍራሙ ሳይከር፣ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። አያቴ ይህን በቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ እጇ ግን ያውቀዋል። ክሩን ካወጣች በኋላ ወዲያው አትጠቀልለውም። ለአፍታ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ትንሽ ሳብ። ቀጭኑ ከሯልና አይነቃነቅም፤ ወፍራሙ ገና ልል ስለሆነ ይሳባል፣ ይሳሳል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይተካከላል። ይህች ሳብታ ዓይን ከመጨፈን አትረዝምም። ልጅ ሆኜ ዝም ብሎ ልማድ ትመስለኝ ነበር። ክሩን ግን ክር ያደረገችው እሷ ናት። እናቴ ስለ አስተዳደጓ ስትነግረኝም ያችው ሳብታ ናት ትዝ የምትለኝ፤ አያቴ የበረታው ልጅ ላይ ጫን ትላለች፣ የሳሳውን ዝም ብላ ትይዘዋለች።

ሲበጠስስ? ክር የማይበጠስባት ፈታይ የለችም። ሰነፍ ፈታይ ሁለቱን ጫፍ ትቋጥራለች። ቋጠሮ በቶሎ ያስቀጥላል፤ ነገ ግን ሸማኔው ማበጠሪያ ላይ ይያዛል፣ ተሸምኖ ካለቀ በኋላም ለቆዳ ይሻክራል። አያቴ አትቋጥርም። የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ኋላ ታሾረውና ትፈታዋለች፤ ክሩ እንደገና ጥጥ ይሆናል፣ እንደ ፂም ይበተናል። ያንን ብትን ከአመልማሎው በወጣ አዲስ ጥጥ ላይ ታስተኛዋለች፣ በሁለት ጣቷ ትይዛለች፣ እንዝርቱን ታሾራለች። ሁለቱ ጥጦች አብረው ይከራሉ። የት እንደተቀጠለ እሷም መልሳ አታገኘውም። አንድ ቀን በአጉሊ መነፅር ልፈልግ ሞክሬያለሁ፤ ሁለት ክንድ ያህል ክር በጣቴ ሳሳልፍ ውዬ ምንም አላገኘሁም።

ለድርና ለማግ የምትፈትለው ለየብቻ ነው። ድር ይወጠራል፣ ይመታል፣ መወርወሪያው በላዩ ይመላለስበታል፤ ስለዚህ ቀጠን ብሎ ጠበቅ ብሎ መክረር አለበት። ማግ አይወጠርም፤ ድሩ መሐል ገብቶ የሚተኛና የሚያሞቅ ነው፣ ስለዚህ ወፈር ያለና ልል ይሆናል። ያው ጥጥ፣ ያው እንዝርት፣ ያው ሴት፤ የሚለየው የሽረቱ ልክ ነው። ብዙ ፈታዮች ከሁለት አንዱን ነው የሚችሉት። የሷን ክር ለአርባ ዓመት ያህል የሠሩት ሸማኔ፣ እኛ ልጆቹ አባባ የምንላቸው የዶርዜ ሰው፣ ልቃቂቱን ሲቀበሉ ገና ሳያዩት ጫፉን በጣታቸው ያሹታል። ድር የሚያደሩት ችካል ተክለው እየተመላለሱ ነው፤ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር መቆም፣ መመለስ፣ መቀጠል አለ። «እማማ፣ የእርስዎን ክር ሳደራ ሌላ ነገር አስባለሁ» አሏት አንድ ጊዜ። ለሌላ ሰው ተራ ወሬ ነው። እሷ ግን ማታ ለእናቴ ደገመችላት፤ ከተናገሯት ምስጋና ሁሉ ስትደግም የሰማኋት ይችን ብቻ ነው።

የክርስትናዋ ነገር ከእንዝርቱ ተለይቶ አይነገርም። በበዓል አይፈተልም። እንዝርቱ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ተሰቅሎ ካየን ቀኑ ወይ እሑድ ነው፣ ወይ በ12 ሚካኤል፣ ወይ በ21 ማርያም፣ ወይ በ27 መድኃኔዓለም፣ ወይ በ29 በዓለ ወልድ። እኔ የወሩን በዓላት የተማርኩት ከቄስ ትምህርት ቤት በፊት ከዚያ ምስማር ነው። በሥራ ቀን ደግሞ ሌሊት ተነሥታ ኪዳን አድርሳ ትመለሳለች፣ እሳት ታያይዛለች፣ ልጅ ትሸኛለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ የሚደርሰው የተለያየ ስለሆነ ሰኞውን ከማክሰኞው፣ ረቡዑን ከሐሙሱ ለይታ በጆሮዋ ይዛዋለች። እየፈተለች በከንፈሯ ታደርሰዋለች፤ ድምፅ የለውም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እንዝርቱ ይሾራል። ከአንዱ ለአንዱ ስትል ስትቸኩል አላየኋትም። ጎረቤት መጥታ የሰው ነገር ስታነሣ እጇ ሳይቆም «እኔ የምፈትለው ጥጥ ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያ ወሬ አይቀጥልም።

እመቤታችን በቤተ መቅደስ 12 ዓመት ስትኖር ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል እንደነበረ ከሕፃንነቷ ሰምታለች። በዓታን፣ ታኅሣሥ 3 ቀንን፣ እንደ ራሷ የሙያ በዓል ነበር የምታከብረው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የብሥራት ሥዕል ላይ መልአኩ ገብርኤል ሲገባ እመቤታችን ክር በእጇ ይዛ ትታያለች። አያቴ የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለ ሥዕል አለ። አንድ ጊዜ ይዛኝ ቀርባ ከተሳለመች በኋላ ረጅም ሰዓት ቆማ አየችው። ሰው ሁሉ መልአኩን ያያል፤ እሷ የምታየው ክሩን ነው። «ክሩ ላልቷል፣ አየኸው?» አለችኝ ቀስ ብላ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «መልአኩ ሲገባ ደንግጣ ለቃው ነው» አለች። ሰዓሊው ያንን አስቦ ይሁን ሳያስብ የሣለው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ያንን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ላላው ክር ነው።

ሁሉም ክሯ ጥሩ ነበር ብል ግን እሷም አትወደውም። አንድ መጥፎ ጋቢ ነበረን። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ሁለተኛው አጎቴ ተወሰደ። ደብዳቤ በሌለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈተለችው ክር ሁሉ ከረረ። እጇ ጥጡን አልለቅ አለ። ከልክ በላይ የከረረ ክር ይታወቃል፤ ላላ ሲያደርጉት በራሱ ላይ ይጠማዘዛል፣ ተሸምኖ እንኳ አያርፍም፣ ጨርቁ ይኮማተራል። ሸማኔው ሠርተው ሲያመጡላት ምንም አላሉም። እሷ በእጇ ዳሰሰችው፤ «ይሄ አያሞቅም» አለች። እውነቷን ነው። ሙቀት የሚይዘው ልል ክር መሐል የሚቀመጠው አየር ነው፤ የከረረ ክር ቦታ የለውም። ጋቢውን ለልጅ አልሰጠችም፣ አልሸጠችም፤ የቡሃቃ መሸፈኛ አደረገችው። አጎቴ በሰላም ሲመለስ ሌላ ፈተለችለት። ያ የቡሃቃ ጋቢ ዛሬም አክስቴ ቤት አለ፣ አራት እጥፉ እንደተኮማተረ። ዘመዶቼ እንደ መታሰቢያ ሲያከብሩት አያለሁ። እኔ በአያቴ ፍርድ እስማማለሁ። መጥፎ ጋቢ ነው፤ ምን እንዳበላሸው የምታውቀው እሷ ነበረች፣ ልጅ እንዲለብሰውም አልፈለገችም።

የእኔ ጋቢ ሌላ ታሪክ አለው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሌሊት ሳጠና የከሰል ፍንጣሪ ወድቆበት ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆነ። ሦስት ቀን ደበቅኩት። ስታገኘው አልተቆጣችም፤ ወደ ብርሃን ወስዳ ገለጠችው። ከጋቢው ዘርፍ ላይ ሁለት ክር መዘዘች፤ ከሌላ ልቃቂት አይሆንም፣ ታጥቦ ታጥቦ ከጨርቁ ጋር አንድ መልክ የያዘ ክር መሆን አለበት። የተቃጠለውን ጠርዝ በጥፍሯ ፈቅፍቃ ጤነኛው ክር ድረስ ወረደች። መጀመሪያ በድሩ አቅጣጫ አንድ በአንድ ዘረጋች፣ ከዚያ በማጉ አቅጣጫ አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያደረገች አስገባች። መርፌ በእጇ እንደ መወርወሪያ ሆነ። አንድ ከሰዓት ፈጀባት። እንኳን ሰው እኔም ቦታውን የማገኘው ጋቢውን መስኮት ላይ ዘርግቼ ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው። ያኔ ትንሽ ጠቆር ያለች አራት ማዕዘን ትታያለች፤ በእጅ ሲዳስሷት ግን የለችም።

ከሷ እጅ ምንም አይወድቅም ነበር። ለሸማ የማይሆነው ቁርጥራጭ ክር ተሰብስቦ ሰም ይነከርና ጧፍ ይሆናል። የልጅ ልጆቿ ክርስትና ሲነሡ ለማተቡ በሥላሴ ስም ሦስት ክር አንድ ላይ ትገምዳለች። እኔ በ40 ቀኔ ስጠመቅ ያሰሩልኝ እሱን ነው፤ ካደግኩ በኋላ ሲያልቅ ደግማ ገምዳልኛለች፣ አሁን አንገቴ ላይ ያለውም የሷ ነው። ገመዱ ሲነኩት ለስላሳ ነው፣ አይላላም። ምክንያቱን የነገረችኝ እየገመደች ነው፤ ሲፈተል ወደ አንድ ጎን የሾረ ክር ሲገመድ ወደ ተቃራኒው መሾር አለበት። አንዱ ሽረት ሌላውን ይይዘዋልና አይፈታም። ወደዚያው ጎን ከተገመደ ግን ለቀቅ ሲያደርጉት ይበተናል። ለልጅም ለልጅ ልጅም ጋቢ ትፈትል ነበር፤ አሜሪካ ላለችው አክስቴ፣ ቤይሩት ትሠራ ለነበረችው የአጎቴ ልጅ፣ ለሁሉም ጋቢ በሰው እጅ ተልኳል። የመንገደኛ ሻንጣ ኪሎ ሲጣበብ በርበሬው ይቀነሳል እንጂ ጋቢው አይቀርም።

ዛሬ ገበያ የሚሸጠው ጋቢ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። የፋብሪካ ክር አልንቅም፤ እኩል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሸማኔውን ከብዙ ድካም ያድነዋል። የእጅ ፈትል ማግ ያለበት ከሆነ ደግሞ ደኅና ያሞቃል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ፈታይ ዛሬም አለች፤ ሽሮ ሜዳ በሚሸጠው ማግ ውስጥ የብዙ እናቶች ሌሊት አለ፤ ዋጋ ሲነገር ግን ከሁሉም ትንሹ ድርሻ የሷ ነው፣ ሙያ ነው ብሎ የሚጠራውም የለም። ሴት ቤት ስትቀመጥ እጇን የምታፍታታበት ነገር ተደርጎ ይቆጠራል። ያችን የጤፍ ቅንጣት የማታስገባ ክፍተት ሰባ ዓመት ሙሉ ሳይስቱ መያዝ እጅ ማፍታታት አይደለም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይኗ ላይ ሞራ ወረደ። ሰው የምትለየው በድምፅ ሆነ። አክስቴ እንዝርቱን ልትደብቅባት አስባ ነበር፣ እንዳትደክም። ከዚያ አንድ ልቃቂት አንሥታ አየችው፤ ካለፈው ዓመት ክር ጋር ምንም ልዩነት የለውም። መብራት በጠፋ ሌሊትም ጨለማ ውስጥ የእንዝርቱን ድምፅ እንሰማው ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያገኘነው ክር የዚያን ጊዜ ክር ነው። ፍልሰታን ጹማ፣ ቆርባ፣ በሳምንቱ አረፈች። የመግነዟን ጨርቅ ከዓመታት በፊት ራሷ ፈትላ አዘጋጅታው ስለነበር ማንም ገበያ አልወጣም።

24ቱን ልቃቂት ይዘን ወደ ሸማኔው ሄድን። አባባ ቀደም ብለው አርፈዋል፤ አሁን የሚሠራው ልጃቸው ነው። አንዱን አነሣ፣ እንደ አባቱ ሳያየው ጫፉን በጣቱ አሸው፣ ትንሽ ሳበው። «ቀዩ ድር ነው፣ ጥቁሩ ማግ» አለ። ዓይኗ ከደከመ በኋላ ቀለሙን የምትለይላት የጎረቤት ልጅ እንደነበረች ያወቅነው በኋላ ነው። ሸማኔው ቆጠረ፣ መዘነ፣ ጥቂት አሰበ። የአንድ ጋቢ ድር ልክ ነው። ማጉ ግን አንድ ልቃቂት ያህል ይጎድላል። ያኔ ጋቢ ያልተፈተለለት የልጅ ልጅ ማን እንደሆነ ሁላችንም በሐሳባችን ቆጠርን፤ የቀረችው የትንሿ አክስቴ ልጅ ብቻ ናት፣ ገና 11 ዓመቷ።

ሸማኔው የጎደለውን ከሱቅ ገዝቶ ሊሞላ ፈቀደ። ክሩ ጥሩ ነው፣ ልዩነቱም አይታይም አለ። እናቴ ዝም አለችው። ማታ ቤት ስንገባ ሳጥኑ ጎን ቀርቶ የነበረውን እንዝርት አነሣች፤ ግማሽ ክር ተጠምጥሞበታል፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል አመልማሎ ተንጠልጥሏል። እናቴ በወጣትነቷ ጥቂት ፈትላ የተወች የቢሮ ሠራተኛ ናት። መስኮቱ አጠገብ ዝቅ ባለችው በርጩማ ተቀመጠች፣ ዘንጉን ጭኗ ላይ አንከባለለች፣ ለቀቀች። ክሩ አበጠ፣ ሳሳ፣ ተበጠሰ። ደግማ ጀመረች። ያን ማታ ሦስት ጊዜ ተበጠሰባት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጫፉን ወደ ኋላ አሹራ ፈታችው፣ አዲሱ ጥጥ ላይ አስተኛችው፣ አልቋጠረችም።